አንበጣም ስኳር አለበት

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ቀስ እያለ ይወርዳል)



ባለፈው እሑድ እናቴ ቤት ነበርኩ። እናቴ ስኳር አለባት፤ ዓመታት ሆኗታል። ቁርስ ሳይቀርብ እንደ ልማዷ ጣቷን ወጋ አድርጋ፣ የደሟን ጠብታ ከመለኪያው ወረቀት ጫፍ አስነክታ ቁጥሩን ትጠብቃለች። ሰባት ዓመት የሞላው የእህቴ ልጅ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ ያያታል። ይኼኔ አንዲት ዝንብ መጥታ የሻይ ብርጭቆው አፍ ላይ አረፈች።

"እማማ፣ ዝንቧንስ ብንለካት ስንት ይወጣላታል?" አለ ልጁ።

"ወይ አንተ! ዝንብ ደግሞ ምን ስኳር አላት?" ብላ ሳቀች እናቴ። ወዲያው ግን ዝንቧን አየት አደረገችና፣ "ለነገሩ እንደ እሷ ሻይ የሚወድ የለም" አለች።

እኔ አልሳቅሁም። የዛሬውን ዝግጅት ያገኘሁት ከዚያች ጥያቄ ነው። ዝንብ ስኳር አላት። አንበጣም አለው፤ ትንኝም፣ በረሮም፣ ንብም አላቸው። በደማቸው ያለው ስኳር በአብዛኛው ከእኛ ይበልጣል፤ በብዙ እጥፍ የሚበልጥባቸውም አሉ። ሆኖም የእናቴን መለኪያ ወስደን ብንለካት መሣሪያው ይሸወዳል፤ ኢምንት የሆነ ቁጥር ነው የሚያሳየን። ለምን እንደሚሸወድ ከገባን፣ ትንኝ ደም ካልጠጣች ለምን እንደማትወልድም ይገባናል። ሁለቱ ጉዳዮች ምን እንደሚያገናኛቸው ነው ዛሬ የምንጨዋወተው።

መጀመሪያ ስለ ደማቸው ትንሽ ልበል። ትንኝ ግድግዳ ላይ ስትጨፈለቅ የምትተወው ቀይ ምልክት የእሷ ደም አይደለም፤ የእኛ ነው። የነፍሳት ደም በአብዛኛው ቀይ አይደለም። ውኃ የሚመስል አለ፤ ወደ ቢጫ ወይም ወደ አረንጓዴ የሚያደላም አለ። የእኛ ደም የቀላው አየር ስለሚሸከም ነው። ነፍሳት ግን አየርን ከጎናቸው በተከፈቱ ቀዳዳዎችና በቀጫጭን ቱቦዎች በቀጥታ እስከ ጡንቻቸው ድረስ ስለሚያደርሱት ደማቸው ከዚያ ሸክም አርፏል። ደም ሥር የሚባል መረብም የላቸውም። ጀርባቸው ላይ የተዘረጋች ረጅም ቱቦ እንደ ልብ ሆና ደሙን ወደ ራስ ትገፋዋለች፤ ከዚያ በኋላ ደሙ በሆዳቸው ክፍት ቦታ ውስጥ እንደ ልቡ ይፈስሳል። አንጀቱ፣ ጡንቻው፣ እንቁላል ማምረቻው፣ ሁሉም ሥጋ በመረቅ ውስጥ እንደሚዋኝ በዚያ ደም ውስጥ ይዋኛሉ። ስለዚህ የመረቁ ስኳር ወፍራም ካልሆነ ክንፍ የሚያርገበግበው ጡንቻ የሚበቃውን አያገኝም።

ይህ ስኳር ትሬሃሎስ ይባላል። የእኛ የደም ስኳር ግሉኮስ ነው፤ አንዲት ነጠላ ፍሬ በሉት። ትሬሃሎስ ደግሞ ሁለት የግሉኮስ ፍሬዎች ተቆላልፈው የሚሠሩት ነው። ቁም ነገሩ አቆላለፋቸው ላይ ነው። እያንዳንዷ የግሉኮስ ፍሬ ካገኘችው ነገር ጋር ልትጣበቅ የምትችልበት አንድ ክፍት ጫፍ አላት። ትሬሃሎስ ውስጥ ሁለቱ ክፍት ጫፎች እርስ በርስ ስለተያያዙ ለሌላ የሚተርፍ እጅ የለም። የድሮዎቹ የስኳር መመርመሪያዎች የሚያዩት ያንን ክፍት ጫፍ ነበርና ትሬሃሎስን ሳያዩት ኖሩ። የነፍሳት ደም ዋናው ስኳር እሱ መሆኑን ዋያት እና ካልፍ የተባሉ ተመራማሪዎች በግልጽ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ኢንሱሊን ተገኝቶ ሰው መታከም ከጀመረ ከ35 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የእናቴ መለኪያም ግሉኮስን እንጂ ትሬሃሎስን አያውቅም። ዛሬ በቤተ ሙከራ የዝንብን ስኳር ለመለካት መጀመሪያ ቁልፉን የሚፈታ ኢንዛይም ይጨመርበታል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቁጥሩ የሚነበበው።

ቁጥሩ ስንት ነው? ጤነኛ ሰው ምግብ ሳይቀምስ ቢለካ፣ በአንድ መቶ ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ ከ70 እስከ 100 ሚሊ ግራም ያህል ግሉኮስ ይገኝበታል። በእነ ዋያት ልኬት የነፍሳቱ ትሬሃሎስ ከ200 እስከ 1,500 ሚሊ ግራም ይደርስ ነበር። ሰው ላይ የላይኛው ቁጥር ቢታይ አምቡላንስ የሚያስጠራ ነው። እነሱን የማይጎዳቸው ያው የስኳሩ እጅ ስለታሰረ ነው። ግሉኮስ ሲበዛ በክፍት ጫፉ ደም ውስጥ ካሉ ፕሮቲኖች ጋር ይጣበቃል። የስኳር ሕሙማን "የሦስት ወር" የምትሉት ምርመራ የሚለካው ይህንኑ መጣበቅ ነው። ትሬሃሎስ ግን አይጣበቅም።

እዚህ ላይ ስለ ስሙ ጥቂት ልበል። ትሬሃሎስ ስሙን ያገኘው "ትሬሃላ" ከሚባለው በመካከለኛው ምሥራቅ ከሚታወቅ ጣፋጭ ነገር ነው፤ እዚያ መና ከሚባሉት አንዱ ነው። ይህን መና የሚሠራው ጥንዚዛ ነው፤ የሚያድግበትን ጎጆ ከስኳር ይገነባል። ስሙ ከነፍሳት መጥቶ ነገሩ ነፍሳት ውስጥ እስኪገኝ መቶ ዓመት ገደማ መፍጀቱ ይገርመኛል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ አንበጣው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ አገራችንን እንዴት እንዳመሳት የማያስታውስ የለም። ጣሳ እየመታ፣ ጅራፍ እያጮኸ፣ ጭስ እያጨሰ ማሳውን ለማዳን ያልሮጠ ገበሬ አልነበረም። አንድ አንበጣ ክብደቱ ሁለት ግራም ያህል ነው። ነፋስ ከረዳው በአንድ ቀን 150 ኪሎ ሜትር ሊሄድ ይችላል። በዚያች ሁለት ግራም ገላ ውስጥ ይህን ሁሉ መንገድ የሚያስኬድ ስንቅ የት ተቀመጠ?

ሲነሳ የሚያቃጥለው የደሙን ትሬሃሎስ ነው። ይህ የኪስ ገንዘቡ ነው። ነገር ግን ክንፍ ማርገብገብ ብዙ ያስወጣል፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ የደሙ ስኳር በጣም ይወርዳል። ይኼኔ ትእዛዝ ይወጣል። ከአንጎሉ ጀርባ፣ ከጉሮሮው በላይ፣ በዓይን ለማየት የሚያስቸግሩ ጥንድ ዕጢዎች አሉ፤ ኮርፖራ ካርዲያካ ይባላሉ። እነዚህ ዕጢዎች አዲፖካይኔቲክ ሆርሞን የሚባለውን መልእክተኛ ወደ ደሙ ይለቅቃሉ። እኛ ለዛሬ "ስብ አንቀሳቃሹ" እንበለው፤ የስሙ ትርጉምም ይኸው ነው። መልእክተኛው የሚሄደው ወደ ስብ ጓዳው ነው። ነፍሳት ጉበት የላቸውም፤ ሆዳቸው ውስጥ የተነጠፈ ለስላሳ የስብ ጉዝጓዝ አላቸው። ጉበታችን የሚሠራውንም ቦርጫችን የሚያከማቸውንም ሁለቱንም የሚሠራው እሱ ነው። ትሬሃሎሱም የሚመረተው እዚያ ነው። ጓዳው ትእዛዙ ሲደርሰው ስቡን እየቆረሰ ወደ ደሙ ይልካል፤ አንበጣው ከዚያ በኋላ በስብ ይበርራል።

ይህን ነገር ማየር እና ካንዲ በአንበጣ ላይ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ከእነሱ በፊት በ1961 ስቲል የተባለ ሰው ከበረሮ ላይ ይህንኑ ዕጢ አውጥቶ ጭማቂውን ለሌላ በረሮ ሲወጋ የደሙ ስኳር ሽቅብ ወጥቶ ነበር። በበረሮ ስኳር ያወጣል፤ በአንበጣ በዋናነት ስብ ያወጣል። ሥራው ግን አንድ ነው፦ ጓዳ ከፍቶ ስንቅ ማውጣት። በእኛ ሰውነት ይህን የሚሠራው ከቆሽት የሚወጣው ግሉካጎን ነው።

ለመክፈቻው መዝጊያ ያስፈልገዋል። ስኳር ሲበዛ የሚያስቀምጠው፣ የሚያጠራቅመው ማነው? የሰው ልጅ ብዙ ዘመን ኢንሱሊንን የቆሽት ሀብት አድርጎ ሲያስብ፣ ነፍሳት ቆሽት ስለሌላቸው ኢንሱሊንም የላቸውም ብሎ ነበር። በጃፓን የሐር ትል የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች ፍለጋቸው ሌላ ነበር፤ ትሉ ቆዳውን እንዲቀይር የሚያዝዘውን የአንጎል ሆርሞን ነበር የሚፈልጉት። ለዚህም በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የሐር እሳት እራቶችን ራስ ፈጭተው አጣርተዋል። እ.ኤ.አ. በ1984 በእጃቸው የገባው ነገር ግን ሲነበብ ኢንሱሊንን መሰለ። ቦምቢክሲን አሉት። ላም ፍለጋ ወጥቶ በቅሎ ይዞ እንደመመለስ ነው።

ከዚያ በኋላ ተራው የፍራፍሬ ዝንብ ሆነ፤ ያቺ ሙዝ ሲበስል ወይም ጠጅ ሲፈላ ከየት መጣች ሳትባል የምትሰበሰበዋ ደቃቃ ዝንብ። ኢንሱሊን የምታመርተው በአንጎሏ ነው፤ ዋናዎቹ አምራቾች አሥራ አራት ያህል ሕዋሳት ብቻ ናቸው፤ በግራ ሰባት፣ በቀኝ ሰባት። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካ ውስጥ ሩሊፍሰን እና ባልደረቦቹ እነዚህን ሕዋሳት ነጥለው ሲያጠፏቸው የዝንቧ እጭ እድገቱ ተጓተተ፤ የደሙም ስኳር ወጣ። በሌላ አነጋገር ዝንቡ ስኳር ያዘው። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ተቃራኒውን አደረጉ፤ የስብ አንቀሳቃሹን ሕዋሳት ሲያጠፉ ስኳሩ ወረደ። የሰው ኢንሱሊን ራሱ የዝንብን ኢንሱሊን ተቀባይ ይቀሰቅሳል። እኛና ዝንብ ከተለያየን ከአምስት መቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ ሆኖናል፤ ይህ ቁልፍ ግን እስካሁን የሁለታችንንም በር ይከፍታል።

እና እናቴ ለልጁ የሰጠችው መልስ መታረም አለበት። በአማርኛችን "ስኳር አለበት" ካልን በሽታውን ማለታችን ነው። ዝንብ ግን በሁለቱም ትርጉም ስኳር ሊኖርባት ይችላል።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ፣ ወደ መራባት እንለፍ። መሸጋገሪያ ድልድዩን ያገኘሁት አንድ በጣም ከወደድኩት እውነት ላይ ነው። ያ ስብ አንቀሳቃሽ ሆርሞን በሥራው ግሉካጎንን ይመስላል አልኩ፤ በዘር ሐረጉ ግን ዘመዱ ሌላ ነው። የተሠራው ከስምንት እስከ አሥር ከሚደርሱ የአሚኖ አሲድ ቁርጥራጮች ነው፤ የአንበጣው አሥር ናቸው። ሆርሞኑም ተቀባዩም ወደ ኋላ ሲቆጠሩ የሚገናኙት ከእኛ አንጎል ከሚወጣውና ጂኤንአርኤች ከሚባለው ሆርሞን ጋር ነው፤ እሱም አሥር ቁራጭ ነው። ይህ ሆርሞን ለሰው ልጅ ምን ይሠራል? ጉርምስናን ያስጀምራል፤ የሴትን የወር ዑደትና የወንድን ዘር ማመንጨት ከላይ ሆኖ ያዝዛል። ከአንድ ቅድመ አያት የወረደው ሆርሞን እኛ ዘንድ የመውለድ አዛዥ ሆነ፤ ነፍሳት ዘንድ የስንቅ አዛዥ። ይህ እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይመስለኝም። በእኔ አስተያየት ለነፍሳት የስኳሩ ሒሳብና የእንቁላሉ ሒሳብ የሚያዙት በአንድ መዝገብ ነው።

እስቲ እንየው። እንቁላል ርካሽ ነገር አይደለም። አስኳሉ ፕሮቲንና ስብ ነው፤ ያንን የሚያዘጋጀው ያው የስብ ጓዳው ነው። በልጅነት የቤት ሠራተኛ የነበረው ጓዳ፣ እናቲቱ ስትደርስ የአራስ ቤት ወጥ ቤት ይሆናል። የፍራፍሬ ዝንብ በእርሾ የበለጸገ ምግብ ስታገኝ ትጥላለች፤ እርሾውን ሲነፍጓት የምትጥለው እንቁላል ወደ 60 እጥፍ ያህል ይቀንሳል። ይህን ወሬ ወደ እንቁላል ማምረቻው የሚያደርሰው ኢንሱሊን ነው። የኢንሱሊን መልእክት በደንብ የማይደርሳቸው "ቺኮ" የተባሉ ዝንቦች አሉ፤ በስፓኒሽ "ትንሽዬው ልጅ" እንደማለት ነው። ገላቸው ደቃቃ ነው፤ ሴቶቹ መኻን ናቸው። በተቃራኒው ሌሊት ሲጮህ በሚያድረው የፌንጣ ዘመድ ላይ ስብ አንቀሳቃሹን ደጋግመው ሲወጉ፣ ጓዳው ተራቁቶ የሚያዘጋጀው እንቁላል ቀነሰ። ለመንገድ የወጣ ስንቅ ለልጅ አይተርፍም።

ኢንሱሊንና ስብ አንቀሳቃሹ የመዝገቡ ገቢና ወጪ ናቸው። "አሁን ውለጂ" የሚለውን ማኅተም የሚመቱት ግን ሌሎች ሁለት ሆርሞኖች ናቸው። አንደኛው የልጅነት ሆርሞን ይባላል፤ ሁለተኛው ኤክዳይሶን።

የልጅነት ሆርሞንን ታሪክ ለማውራት ወደ ለንደን፣ እ.ኤ.አ. ወደ 1930ዎቹ እንሂድ። ቪንሰንት ዊግልስዎርዝ የሚባል ሰው ሮድኒየስ የተባለች የደቡብ አሜሪካ ደም መጣጭ ያረባ ነበር። የትኋን ዘመድ ናት። ይህች ነፍሳት ትጠማለች፣ ትጠብቃለች፣ ከዚያ አንድ ጊዜ እስክትነፋ ደም ትጠጣለች፤ ከቀናት በኋላም ቆዳዋን ትቀይራለች። ዊግልስዎርዝ ደም እንደጠጣች ራሷን ቆረጠው። አልሞተችም! ራስ የሌላት ነፍሳት ወራት ኖረች፤ ቆዳዋን ግን አልቀየረችም። ጥቂት ቀናት ቆይቶ ሲቆርጠው ግን ትቀይራለች። ስለዚህ ከራሷ አንድ ነገር በእነዚያ ቀናት ውስጥ ወደ ደሟ ይወርዳል ማለት ነው። ይህን ለማረጋገጥ ሁለት ራስ አልባዎችን፣ አንዷን ቶሎ የተቆረጠች፣ ሌላዋን ዘግይታ የተቆረጠች፣ አንገት ለአንገት ገጥሞ በሰም አሸጋቸው፤ ደማቸው ተገናኘ። ሁለቱም ቆዳቸውን ቀየሩ። ስታስቡት ዘግናኝ ነው፤ የሙከራው ጥራት ግን እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። በዚሁ መንገድ ከአንጎል ኋላ ያለችውን ኮርፐስ አላተም የምትባል ዕጢ አገኘ። በልጅነት ዘመን ከእሷ የሚወጣው ሆርሞን "ገና ነህ፣ አትደግ" ይላል። ይኸው ሆርሞን ሴቲቱ ካደገች በኋላ ደግሞ እንቁላሏን እንድታጎለምስ እንደሚያስፈልጋት በ1936 አሳየ። ስሙ የልጅነት ሆርሞን፣ ሥራው የእናትነት!

በአንበጣ ላይ የዚህን ሆርሞን ሥራ ገበሬዎቻችን በዓይናቸው አይተውታል፤ ስሙን አያውቁት እንጂ። በመንጋ የሚኖረው የበረሃ አንበጣ ክንፍ ሲያወጣ መጀመሪያ ሮዝማ ነው፤ ሲደርስ ወደ ቢጫ ይለወጣል፤ በተለይ ወንዱ ደማቅ ቢጫ ይሆናል። ይህን ቢጫነት የሚያመጣው የልጅነት ሆርሞን ነው። ዕጢው የወጣለት ወንድ ቢጫ አይሆንም። ሮዝ መንጋ ሲመጣ ገና አልደረሰም፤ ይበላል፣ ይበርራል። ቢጫው መንጋ ግን እንቁላል ሊጥል የተዘጋጀ ነው። ዝናብ ያራሰው አሸዋማ አፈር ካገኘ ሴቲቱ ጅራቷን ወደ አፈሩ አስገብታ ትጥላለች፤ ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ኩብኩባው ይፈለፈላል። የአንበጣ ባለሙያዎች ሪፖርት ሲጽፉ ቀለሙን የሚጠቅሱት ለዚህ ነው።

ሁሉም ነፍሳት ግን በአንድ ዜማ አይዘምሩም። የማር ንብን ብትወስዱ የልጅነት ሆርሞን ሲጨምር ሠራተኛዋ ንብ ከቀፎ ውስጥ ሞግዚትነት ተነስታ ወደ ሜዳ ቀሳሚነት ትሄዳለች፤ እንቁላል የምትጥለዋ ንግሥት ደግሞ ሆርሞኑ ዝቅ ብሎባት ነው በቀን ከሺህ በላይ የምትጥለው። መቼም አባቶቻችን "አውራ" ብለው የሰየሟት ንብ ሴት መሆኗን ስናውቅ አንዴ ተገርመናል፤ የልጅነት ሆርሞን በአውራዋ ላይ እንዲህ ባሕርዩን መቀየሩ ሁለተኛው ግርምት ይሁንልን።

ኤክዳይሶንን ደግሞ አንጥሮ ማውጣቱ ራሱ ጉድ ነበር። ቡተናንት እና ካርልሰን እ.ኤ.አ. በ1954 ከ500 ኪሎ የሐር ትል፣ ገና በጎጆው ከተኛው፣ ያገኙት 25 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። በጥፍር ጫፍ ላይ የምታርፍ። ቡተናንት ቀደም ብሎ የሰውን የፆታ ሆርሞኖች አንጥሮ ኖቤል የተሸለመ ሰው ነው፤ ኤክዳይሶንም እንደ እነዚያ ከኮሌስትሮል የሚሠራ ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

እንግዲህ እነዚህ ሁሉ በአንድ ገላ ውስጥ ሲገናኙ ለማየት ከትንኝ የተሻለ የለም። ኤዴስ ኤጂፕታይን እንውሰድ፤ ቢጫ ወባና ደንጊ የምታስተላልፈዋን፣ ባለ ዥንጉርጉር እግሯን።

ትንኝ የምትኖረው በደም አይደለም። ለራሷ ነዳጅ የአበባ ወለላ ትቀስማለች፤ ወንዱም እንደዚሁ። ወንዱ ደም የሚባል ነገር አይነካም። ደም ለእንቁላል ነው። ሴቲቱ ከውኃ እንደወጣች በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ግድም የልጅነት ሆርሞን እንቁላል ማምረቻዋንና የስብ ጓዳዋን ያዘጋጃል። ሙሽራ ቤቱ ተጠርጎ፣ ድንኳኑ ተተክሎ፣ እንግዳው ብቻ ይቀራል። ከዚያ ትጠብቃለች። ደም ካላገኘች እንቁላሏ እዚያው ቆሞ ይቀራል።

አንድ ቀን ክንዳችሁ ላይ አርፋ ጠጣች እንበል። የራሷን ክብደት የሚያህል ደም ሆዷ ውስጥ ነው። በዚያው ሰዓት አንጎሏ ሁለት መልእክተኞችን ይልካል፤ አንደኛው ኢንሱሊን መሰሉ ሆርሞን ነው። ሁለቱም ወደ እንቁላል ማምረቻዋ ይሄዳሉ፤ ማምረቻው ኤክዳይሶን ያመነጫል፤ ኤክዳይሶኑ ወደ ስብ ጓዳው ይሄድና እዚያ ወደ ኃይለኛው ዓይነቱ ይለወጣል፤ ጓዳው የአስኳሉን ፕሮቲን እየሠራ በደሙ ይሰድዳል። በሦስተኛው ቀን ገደማ መቶ ያህል እንቁላል ይደርሳል።

ደም እንደጠጣች ወዲያው ራሷ ቢቆረጥስ? እንቁላል የለም። ታዲያ ብራውን እና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጡት ጥናት፣ ራሳቸው ለተቆረጠ ደም ለጠጡ ትንኞች በቤተ ሙከራ የተሠራውን የትንኝ ኢንሱሊን መሰል ሆርሞን ሲወጉ እንቁላሉ ደረሰ። ሆርሞኑ በዚያው የሆዷ ደም እንዲፈጭ አደረገ። ስኳር ብቻ በጠጡት ላይ ደግሞ ስኳሩና ስቡ እንዲጠራቀም አደረገ። አንድ ሆርሞን ምግቡን አስፈጨ፣ ስኳሩን አስቀመጠ፣ እንቁላሉን አስጀመረ። መዝገቡ አንድ ነው ያልኩት ይህንን ነው።

በአፍሪካ ዋነኛ የወባ አስተላላፊ የሆነችው አኖፊሊስ ጋምቢ ደግሞ ሌላ ነገር አላት። ወንዱ ሲገናኛት ከዘሩ ጋር ኤክዳይሶን ያቀብላታል፤ ጥሎሽ በሉት። ያ ጥሎሽ እንቁላሏን ያበዛላታል፤ ሌላ ወንድ እንዳትፈልግም ያደርጋታል። አብዛኞቹ ሴቶች በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚገናኙት።

ይህ ሁሉ እውቀት ለምን ይበጃል ለምትሉ፣ መልሱ የጀመረው ከወረቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ካሬል ስላማ የተባለ የቼክ ሳይንቲስት ከፕራግ ቀያይ ትኋን መሰል ነፍሳቱን ይዞ ሃርቫርድ ሄደ። አገሩ በደህና ሲያድጉ የነበሩት ነፍሳት አሜሪካ ሲደርሱ ማደግ አቃታቸው፤ ግዙፍ ልጅ እየሆኑ ሳይደርሱ ይሞታሉ። ምግቡ ተመረመረ፣ ውኃው ተመረመረ። ጥፋተኛው ዕቃው ውስጥ የተነጠፈው የእጅ መጥረጊያ ወረቀት ሆኖ ተገኘ። የኒውዮርክ ታይምስ ቁራጭ ቢነጠፍ እንደዚያው አያድጉም፤ የለንደን ታይምስ ቢነጠፍ ያድጋሉ! የአሜሪካ ወረቀት ከሚሠራበት የጥድ ዘመድ ዛፍ ውስጥ የልጅነት ሆርሞንን የሚመስል ነገር ነበር። ዛፉ ራሱን ከተባይ የሚጠብቅበት መንገድ ይመስላል። ይህ በ1965 ታተመ።

ዛሬ የዚህ ሐሳብ ልጆች በገበያ ላይ ናቸው። ፓይሪፕሮክሲፈን የተባለው የልጅነት ሆርሞን አስመሳይ በውኃ ማጠራቀሚያ ሲጨመር የትንኟ እጭ አድጎ ክንፍ ሳያወጣ ይሞታል። መጠኑ እጅግ አነስተኛ ስለሆነ የዓለም ጤና ድርጅት በሚጠጣ ውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ እንዲውል መመሪያ አውጥቶለታል። በአጎበር ላይ ተነክሮም ትንኟን ሳይገድል እንኳ እንቁላሏን ያመክናል። እኛ የልጅነት ሆርሞን ስለሌለን የሚመታው ቦታ በገላችን ውስጥ የለም። እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም። ሸርጣንና መሰሎቹ የነፍሳት የቅርብ ዘመድ ናቸው፤ ወንዝና ሐይቅ ውስጥ ዝም ብሎ የሚደፋ ነገር አይደለም።

አድማጮቼ፣ ከመሰናበታችን በፊት አንድ አደራ አለኝ። አኖፊሊስ ስቴፈንሳይ የምትባለው የእስያ የወባ ትንኝ አገራችን መግባቷ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪ ደሃር ነው። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው ወባ ተጠያቂ ሆናለች። እንደ ኤዴስ ሁሉ እሷም ሰው ቤት የተጠራቀመ ውኃ ትወዳለች። ዛሬ ማታ ክንዳችሁን የነከሰችው ትንኝ ከሦስት ቀን በኋላ እንቁላሏን የምታኖርበት ውኃ ትፈልጋለች፤ ያ ውኃ የእናንተ በርሜል ሊሆን ይችላል። ኤዴስ ከውኃው ከፍ ብላ ግድግዳው ላይ ነው የምትለጥፈው፤ እንቁላሏ ውኃው ቢደርቅም ወራት ይቆያል። ስለዚህ ውኃውን መድፋት ብቻ አይበቃም። በርሜሉን፣ ሮቶውን፣ ጀሪካኑን በሳምንት አንድ ጊዜ ውስጡን በብሩሽ ፈትጉት፤ ከዚያም አጥብቃችሁ ክደኑት።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)